ፓቹን ዛሬ እንጫን ወይስ ትንሽ እንቆይ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ አንድ ጉዳይ ላይ ተገጣጠሙ። መርጬ አይደለም፤ ተጠራርተው የመጡ ይመስላሉ። ጉዳዩ አፕዴት ነው፤ በተለይ ፓች የሚባለው፣ ሰርጎ ገብ ሊገባበት የሚችል የሶፍትዌር ቀዳዳ የሚደፍነው ማስተካከያ። አስራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ሰርቨር ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝና ደስ እያለኝ እመልሳለሁ። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምመራው ድርጅት ስልሳ ያህል ሠራተኞች አሉት። ከሁለት ዓመት በፊት የሒሳብ ሶፍትዌራችን አፕዴት ተደረገና በማግስቱ የደመወዝ ስሌቱ ሁሉ ተዘባረቀ። ያውም ወር መዝጊያ ላይ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የሚሠራ ነገር አይነካም» የሚል ሕግ አውጥቻለሁ። የኮምፒዩተር ባለሙያችን ግን በየወሩ አንድ ፓች ይዞ ቢሮዬ ይመጣል። ሌሎች ድርጅቶች መቼ እሺ፣ መቼ እምቢ እንደሚሉ በምን ይወስናሉ?
ሥራ አስኪያጁ

መልስ፦ እባብ ያየ በልጥ በረየ። አልፈርድብዎትም፤ እኔም ከልጥ ስሸሽ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ታሪኩን ልንገርዎት።

አንድ ዓርብ ማታ ነው። የምሠራበት ድርጅት የሚጠቀምበት የሒሳብ ዳታቤዝ አዲስ ቨርዥን ወጥቶለት ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሄዷል። ቅዳሜና እሑድ አለልኝ ብዬ ጀመርኩት። ግማሽ ላይ ቀጥ አለ። ወደፊት አይሄድ፣ ወደኋላ አይመለስ። ችግር የለም፣ ባክአፕ አለ አልኩ። ባክአፑ በየሌሊቱ በራሱ ይሠራል፤ ጠዋት ጠዋት «ተጠናቋል» የሚል መልእክት ይልክልኛል። ፋይሉን ስከፍተው ባዶ ነው። ለካ ዲስኩ ሞልቶ ሰንብቷል። ፕሮግራሙ ስም ብቻ ያለው ፋይል ይፈጥርና ውስጡ ምንም ሳይጽፍ «ተጠናቋል» ይለኝ ነበር። እኔም በየጠዋቱ አምኜው ወደ ሌላ ሥራዬ። ያገኘሁት የመጨረሻ ደህና ቅጂ አስራ አንድ ቀን ያለፈው ነበር። የሒሳብ ክፍል ሰዎች የአስራ አንድ ቀን ሥራ ከወረቀት ላይ እንደገና ቁጭ ብለው አስገቡ። አንዲት የክፍሉ ባልደረባ ከዚያ በኋላ ለወራት ሰላምታዬን የምትመልሰው በግንባሯ ብቻ ነበር።

ከዚያስ? እንደ እርስዎ ሕግ አወጣሁ። ማንም ምንም እንዳይነካ! ሁለት ዓመት ሰላም ሆነ። አንድ ጠዋት የጋራ ፋይሎቻችን በሙሉ ስማቸው ተለውጦ፣ ተቆልፈው ጠበቁኝ። ሰርጎ ገቡ የተጠቀመበት ቀዳዳ ፓች ከወጣለት ሰባት ወር አልፎት ነበር። ፓቹ ሰርቨሩ ላይ ወርዶ «ልጫን?» እያለ ሲጠይቀኝ ነው የከረመው። «ቆይ» ያልኩት እኔው ነኝ።

ሁለቱን ጥፋቶቼን ጎን ለጎን አድርጌ ለማየት ጊዜ ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ጥፋቴ አፕግሬድ ማድረጌ አልነበረም። መመለሻ ሳይኖረኝ መሄዴ ነው። ያወጣሁት ሕግ ግን መሄድን ከለከለ እንጂ መመለሻውን አልሠራልኝም። እርስዎም ያደረጉት ይህንኑ ይመስለኛል።

«የሚሠራ ነገር አይነካም» ለወንበር ይሆናል። ትናንት የተቀመጡበት ወንበር ዛሬም ያስቀምጥዎታል። ሶፍትዌር ላይ ግን እርስዎ ባይነኩትም የሚለወጥ ነገር አለ፤ ስለ እሱ የሚታወቀው ነገር። ትናንት ማንም የማያውቀው ቀዳዳ ዛሬ ይታወቃል። የሚያሳብቀው ደግሞ ፓቹ ራሱ ነው። አምራቹ ፓች ሲያወጣ ሰርጎ ገቦች አሮጌውንና አዲሱን ፋይል ያስተያያሉ። የተለወጠው ቦታ ላይ ቀዳዳው ነበረ ማለት ነው። እንግዲህ ፓች ወጣ ማለት ቀዳዳው በይፋ ተነገረ ማለት ነው።

ዋናክራይ የተባለውን፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ያስታውሱ ይሆናል። ማይክሮሶፍት ፓቹን ያወጣው ማርች 14 ቀን 2017 ነው። ቫይረሱ የተለቀቀው ሜይ 12። መሃሉ 59 ቀን ነው። በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮች ተመቱ። እንግሊዝ ውስጥ 19,000 ያህል የሕክምና ቀጠሮዎች ሳይሰረዙ እንዳልቀሩ የአገሪቱ የጤና አገልግሎት ገምቷል። ከዚያ በኋላ በየቦታው ፓች ፍለጋ ሌት ተቀን ሩጫ ሆነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። መላ ያበጁ ድርጅቶች ከሁሉ አስቀድሞ ፓችንና አፕግሬድን ይለያሉ። ፓች የበር ቁልፍ መቀየር ነው። አፕግሬድ ቤት መቀየር ነው። ቁልፍ ለመቀየር ስብሰባ አይጠራም። ቤት ሲቀየር ግን ዕቃው ይገባል ወይ፣ መብራቱ ይሠራል ወይ ይባላል። የእርስዎን ደመወዝ ያዘባረቀው እንደምገምተው ቤት መቀየሩ ነው። ቅጣቱ ግን ለቁልፉም ተረፈ።

ፓች ሲመጣ የምጠይቃቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም። ቀዳዳው ያለበት ማሽን ከኢንተርኔት በኩል ይታያል ወይ? ወደ ውጭ የሚያይ የኢሜይል ሰርቨርና አንድ ጓዳ ውስጥ ያለች ኮምፒዩተር እኩል አይደሉም። ቀጥሎ፣ ቀዳዳውን አሁን ሰው እየተጠቀመበት ነው ወይ? ለዚህ ሲሳ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር ደኅንነት ተቋም ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ በተግባር ጥቃት እየደረሰባቸው ያሉ ቀዳዳዎችን ዝርዝር ያወጣል፤ ማንም በነፃ ያየዋል። ባለሙያዎ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ የሚሰጠውን ከ0 እስከ 10 የሆነ ነጥብ ይዞ ይመጣ ይሆናል። ነጥቡ ይጠቅማል። ነገር ግን ማንም የማይደርስበት ማሽን ላይ ያለ 9፣ በሩ ላይ ቆመው ከሚገፉት 7 ያነሰ ያስፈራኛል። ሁለቱም መልሶች «አዎ» ከሆኑ ለእኔ ጉዳዩ የዚያው ሌሊት ነው። ወር መዝጊያ ቢሆንም!

የቀረው ሁሉ በተራው ይሄዳል። ማይክሮሶፍት ከኦክቶበር 2003 ጀምሮ በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ፓቾቹን በአንድ ላይ ያወጣል። እኔ ረቡዕ አንድ ማሽን ላይ እጭነው ነበር፤ የራሴ ላይ። ሐሙስ ደግሞ ከየክፍሉ አንድ አንድ ሰው ላይ። ቶሎ የሚያማርሩትን ነበር የምመርጠው፤ ዝም የሚል ሰው ለሙከራ አይሆንም። በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም ላይ ይጫናል።

ለሒሳብ ሶፍትዌሩ የምመክርዎት ይህን ነው። ባለሙያዎ የሲስተሙን ቅጂ ሌላ ማሽን ላይ ያስቀምጥ። አዲሱን ቨርዥን እዚያ ይጫን። ያለፈውን ወር ደመወዝ እዚያው ያስሉትና ከተከፈለው ጋር መስመር በመስመር ያስተያዩ። ልዩነት ከሌለ ቀን ይቁረጡ፤ ከወር መዝጊያና ከኦዲት ሰሞን የራቀ ቀን። ደግሞ ባክአፕ አለ ሲልዎት አይመኑት። «መልሰህ አሳየኝ» ይበሉት። ተከፍቶ ያላዩት ባክአፕ ተስፋ እንጂ ባክአፕ አይደለም። ይህን ያወቅሁት በዚያች ባዶ ፋይል ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የአንድ መካከለኛ ድርጅት የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። ፓች ለመጫን ሰርቨሩ ሪስታርት መደረግ አለበት። በጠየቅሁ ቁጥር «ዛሬ አይሆንም፣ ሥራ አለ» እባላለሁ። ነገ ስመጣ ነገም ሥራ አለ። ኢሜይል ለሁሉም ኃላፊዎች ጽፌያለሁ፤ የመለሰልኝ የለም። አንድ ነገር ቢፈጠር ተጠያቂው እኔ ልሆን ነው?
ሰሚ ያጣው

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ለሁሉም ጽፌያለሁ» ያልከው ላይ ትንሽ እንቆይ።

ኢኩፋክስ የሚባል ግዙፍ የአሜሪካ የብድር መረጃ ድርጅት አለ። አፓቼ ስትራትስ በሚባል ሶፍትዌር ውስጥ ለተገኘ ቀዳዳ ፓቹ የወጣው ማርች 7 ቀን 2017 ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ የድርጅቱ የደኅንነት ክፍል ከ400 ለሚበልጡ ሰዎች ኢሜይል ላከ፦ በ48 ሰዓት ውስጥ ይጫን! ሁሉም አነበበ እንበል። ቅሬታ ማስተናገጃ የነበረ አንድ አሮጌ ሲስተም ግን ሳይነካ ቀረ። ቀዳዳ በሚፈትሽ ፕሮግራም፣ በስካን ፈለጉት፤ ስካኑም አላገኘውም። ሜይ ላይ ሰርጎ ገቦች በዚያ በኩል ገቡ። የታወቀባቸው ጁላይ 29 ነው። የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ወጣ። ፓቹ ነበረ፣ ትእዛዙ ነበረ፣ ቀነ ገደቡም ነበረ። ያልነበረው «ይቺ ማሽን የእኔ ናት» የሚል አንድ ሰው ነው።

ስለዚህ ለሁሉም አትጻፍ። ለአንድ ሰው ጻፍ። ቴክኒካል ስምም አታብዛበት። አለቃህ «ሲቪኢ» (የቀዳዳዎች መለያ ቁጥር) ምን እንደሆነ ማወቅ የለበትም። የሚገባው ቋንቋ ሰዓትና ሥራ ነው። እንዲህ በለው፦ «ማክሰኞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ሲስተሙ ይዘጋል። ይህን ካላደረግን ሰው ሰብሮ ገብቶ ለቀናት ሊያዘጋው ይችላል። አንድ ሰዓት በፕሮግራም እንዝጋ ወይስ ሌላ ሰው በፈለገው ቀን ይዝጋብን?»

ከዚያ የተሻለው ግን ጥያቄውን ጭራሽ ማስቀረት ነው። በየጊዜው ፈቃድ የምትለምን ከሆነ በየጊዜው ትከለከላለህ፤ ሰው ባህሪው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቅ፦ በየወሩ ሦስተኛው ሐሙስ ምሽት የሁለት ሰዓት ጊዜ ለጥገና ይሁን። ከጸደቀልህ በኋላ ሰዓቱ ያንተ ነው። «ይዘጋ ወይ?» መባሉ ይቀርና «በዚህ ወር ይለፍ ወይ?» ይባላል። ያኔ የማሳለፍ ሸክሙ የሚያርፈው በሚያሳልፈው ሰው ላይ ነው። እኔ አንድ ቦታ ይህን ሳስጸድቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ከጸደቀ በኋላ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ «ይለፍ» የተባለው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

የሚያሳልፍልህ ሰው ካለ ደግሞ በጽሑፍ ይሁን። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የትኛው ፓች፣ ለምን ተላለፈ፣ እስከ መቼ፣ ማን ወሰነ። «እስከ መቼ» የምትለዋን አትርሳ፤ ቀን የሌለው ማሳለፍ መተው ነው። ሰውን ለማስፈራራት ብለህ አታድርገው። ግን ሰው ስሙን ሊጽፍ ብዕር ሲያነሳ ሐሳቡን እንደሚቀይር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ተጠያቂነቱን በተመለከተ፣ አንድ ነገር ከተፈጠረ መጀመሪያ የሚጠሩት አንተን ነው። ይህን አልደብቅህም። ያኔ እጅህ ላይ ያቺ ገጽ ብትኖር ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ የምሠራው ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። ትልቁን የወረቀት መቁረጫ ማሽን የሚያዘው ኮምፒዩተር ዊንዶውስ 7 ነው። የማሽኑ አምራች ለአዲስ ዊንዶውስ የሚሆን ፕሮግራም የለኝም፣ አዲስ ማሽን ግዙ ይላል። ማሽኑ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። ምን እናድርግ?
የማሽን ክፍል ኃላፊዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ማሽኑን አይጣሉት። ኮምፒዩተሩን ግን ከሰው ይለዩት።

ዊንዶውስ 7 ከጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ወዲህ መደበኛ ፓች አይወጣለትም። ዊንዶውስ 10 ራሱ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ላይ ያው ደረሰበት፤ ክፍያ ወይም ምዝገባ የሚጠይቅ የተወሰነ ማራዘሚያ ብቻ ነው የቀረው። ስለዚህ የእርስዎ ማሽን «መቼ ፓች ይደረግ?» የሚባልበት አይደለም። ጥያቄው «ማን ይደርስበታል?» ነው።

የኔትወርክ ገመዱን ይንቀሉት። ዋይፋዩን ያጥፉት። ኢሜይል የሚከፈትበት፣ ዩቲዩብ የሚታይበት ከሆነ ዛሬውኑ ይቁም። (ሰው አያደርገውም አይበሉ፤ አንዲት የማሽን ኮምፒዩተር ላይ የእግር ኳስ ጨዋታ በቀጥታ ሲታይ በዓይኔ አይቻለሁ።) ፋይል የሚገባው በፍላሽ ከሆነ አንድ ፍላሽ ለዚያ ሥራ ብቻ ይለይ፤ ሌላ ቦታ የማይሰካ፣ ከመግባቱ በፊት ደህና አንቲቫይረስ ያለበት ኮምፒዩተር ላይ የሚፈተሽ። ፋይሉ የግድ በኔትወርክ መምጣት ካለበት ባለሙያችሁ ማሽኑን ለብቻው አጥሮ ከአንድ ኮምፒዩተር ጋር ብቻ ያገናኘው።

ከቫይረስ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የዚያ ኮምፒዩተር ዲስክ ስንት ዓመቱ ነው? ዲስኩ የሞተ ቀን መቁረጫው ብረት ሆኖ ይቀራል። ሙሉ ዲስኩ እንዳለ ይቀዳ። ቅጂው ሌላ ዲስክ ላይ ተጭኖ፣ ማሽኑ በእሱ ተነስቶ አንድ ወረቀት ይቁረጥ። ከዚያ ያ ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ማሽኑ በስንተኛው ዓመት እንደሚተካም ከአሁኑ ከአለቃዎ ጋር ይነጋገሩ። አምራቹ ቀኑን እስኪቆርጥላችሁ አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ በ2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ድርጅት የላከው አፕዴት ዓለምን ሲያቆም አይተናል። ከዚያ ወዲህ አለቃዬ አውቶማቲክ አፕዴት ሁሉ ይጥፋ ብሏል። ልክ ነው?
ተጠራጣሪው

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። «ሁሉ» የምትለዋ ቃል ናት ያላማረችኝ።

ጁላይ 19 ቀን 2024 የሆነው ይህ ነው። ክራውድስትራይክ ለደኅንነት ሶፍትዌሩ የላካት አንዲት የተበላሸች ፋይል 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖችን ጣለች። ፋይሏ በ78 ደቂቃ ውስጥ ተነስታ ነበር። የወደቀው ማሽን ግን ብዙውን ጊዜ በራሱ አልተነሳም። ሰው ሄዶ፣ አንድ በአንድ፣ ፋይሏን በእጁ መሰረዝ ነበረበት። ዲስኩ በቁልፍ የተመሰጠረ ማሽን ደግሞ መጀመሪያ ዲስኩን የሚከፍተውን ረጅም ቁጥር አምጣ ይላል። ያን ቀን ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ንጉሥ ነበር።

አለቃህ ያላስተዋለው ነገር አለ። «እኛ ሁልጊዜ ካዲሱ በአንድ ቨርዥን ወደኋላ ነን» ያሉ ድርጅቶችም አብረው ወድቀዋል። የእነሱ መቆያ የሚሠራው ለሶፍትዌሩ ቨርዥን ነበር። ይህቺ ፋይል ግን የየዕለቱ የጥቃት መለያ መረጃ ናት፤ በሌላ በር ነው የገባችው። አዲስ ቨርዥን ባለመጫን የሚያመልጡት ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ለየብቻ ያዙት። የሠራተኛው ብራውዘር፣ ፒዲኤፍ ማንበቢያው፣ የግል ላፕቶፑ ዊንዶውስ በራሱ አፕዴት ይደረግ። አንዱ ቢበላሽ አንድ ሰው ግማሽ ቀን ያማርራል፤ አለቀ። ሲወድቅ ድርጅቱን ሁሉ ይዞ የሚወድቀው ሰርቨርና ዳታቤዝ ግን ሰው ቆሞ፣ በደረጃ፣ ከጥቂቱ ጀምሮ ይሁን። ሻጩንም «እንደዚህ ያሉ ፋይሎችን በደረጃ መቀበል እንችላለን?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ወዲህ ክራውድስትራይክ ራሱ ይህን ለደንበኞቹ ፈቅዷል።

በደረጃ ስትሄዱ ደግሞ እስከ መጨረሻው ሂዱ። ናይት ካፒታል የሚባል የአሜሪካ የአክሲዮን ነጋዴ በ2012 አዲስ ፕሮግራም ስምንት ሰርቨር ላይ መጫን ሲገባው ሰባቱ ላይ ጫነ። ስምንተኛው ላይ ተረስቶ የቀረው አሮጌ ፕሮግራም ኦገስት 1 ጠዋት ገበያው ሲከፈት ነቃና ራሱን ችሎ መነገድ ጀመረ። በ45 ደቂቃ ከ440 ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ ጠፋ። እኔ ከዚያ ዜና በኋላ የማሽኖቹን ስም ዝርዝር ወረቀት ላይ አትሜ አንድ አንዱን በእስክሪብቶ መሰረዝ ጀመርኩ። ወጣቶቹ ይስቁብኝ ነበር።

ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ «ከሳምንቱ የትኛው ቀን ይሻላል?» ብለህም ጠይቀሃል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ። ዓርብ ግን አይሁን። ዓርብ ማታ ቢበላሽብህ ስልክ የሚያነሳልህ ሻጭ አታገኝም፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ቀድመውህ ይገባሉ።